ጀርመን ወይስ ካናዳ? ከጅማ ለጻፈችልን ነርስ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ በነርስነት በዲግሪ የተመረቀች፣ እዚያው ጅማ ሆስፒታል ውስጥ 6 ዓመት የሠራች የ31 ዓመት እናት ናት። ባለቤቷ ኤሌክትሪሺያን ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ ደረጃ 4 ጨርሷል። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አላቸው። የባለቤቷ ወንድም ቶሮንቶ ይኖራል፤ «ወደ እኔ ኑ» ይላል። አንድ ደላላ ደግሞ «ብሩን ብቻ አዘጋጂ፣ በ6 ወር ጀርመን ትገቢያለሽ» ብሏታል። ሒጃብ ትለብሳለች፤ ሥራ ላይ ያስቸግረኝ ይሆን ብላም ሰግታለች። «የት ሄደን ብንኖር ይሻለናል? ለወጪው ቤታችንን እንሽጥ ወይ? ቁርጡን ንገሩኝ» ትላለች።

እህቴ፣ ቁርጡን ካልሽ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ጀርመንን እመርጣለሁ። በደላላው መንገድ ግን አይደለም። በ6 ወርም አይሆንም። ምክንያቴን ልንገርሽ። አንብበሽ ስትጨርሺ «የለም፣ ለኛ ካናዳ ይሻለናል» ብትዪም አልቀየምሽም።

ሰው አገር ሲመርጥ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይታወቃል። ማን አለን እዚያ? ደመወዙ ስንት ነው? ብርዱስ? ለነርስ ግን ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከገባሁ በኋላ እንደገና ነርስ ለመሆን ስንት ጊዜ ይፈጅብኛል? ሶፍትዌር የሚሠራ ልጅ ዛሬ በርሊን ገብቶ ነገ ሥራ ሊጀምር ይችላል። አንቺ የሙያ ፈቃድ ሳይሰጥሽ መርፌ መያዝ አትችዪም። የመኖሪያ ፈቃድ ሌላ፣ የሙያ ፈቃድ ሌላ ነው። የሚሰጡትም መሥሪያ ቤቶች ለየቅል ናቸው። ይህን ሳያውቁ ሄደው፣ የካናዳ ቋሚ ነዋሪ ሆነውም ለዓመታት አረጋውያን ቤት በረዳትነት የሚሠሩ ጎበዝ ነርሶች አሉ። ሥራው ነውር የለውም። ግን አንቺ ለዚያ ብለሽ አልተማርሽም።

የባልሽ ወንድም እየጠበቀ ስለሆነ ከካናዳ ልጀምር።

ካናዳ የሰለጠነ ሰው የምትመርጠው በዋናነት ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የነጥብ ሥርዓት ነው። ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው። ያንቺን ነጥብ ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ባለትዳር ስለሆንሽ ለ31 ዓመት 90 ነጥብ አለሽ። ለዲግሪሽ 112። አይኤልትስ በሚባለው የእንግሊዝኛ ፈተና በማዳመጥ 8፣ በቀሩት ሦስቱ 7 ካመጣሽ ለቋንቋ 116። ዲግሪሽ ከዚህ እንግሊዝኛ ጋር ሲጣመር 25፣ የሥራ ልምድሽ ሲጣመር ደግሞ 50። ድምሩ 393 ሆነ። ባለቤትሽም የእንግሊዝኛ ፈተናውን ከተቀመጠ፣ ከትምህርቱ ጋር ከ10 እስከ 20 ነጥብ ሊጨምር ይችላል። ወንድሙ የካናዳ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ከሆነ 15 ነጥብ አለ። ይህችን 15 ብዙ ሰው ይረሳታል፤ የባል ወንድምም ይቆጠራል። ሁሉ ተደምሮ 420 ገደማ ነው።

በ2025 ለጤና ባለሙያዎች ብቻ በተደረጉት ምርጫዎች መቁረጫው ከ460 እስከ 510 ባለው ሲወጣ ሲወርድ ነበር። ስለዚህ ቢያንስ 40 ነጥብ ይጎድልሻል። ዕድሜም አይጠብቅም፤ ከ30 በኋላ በየዓመቱ 5 ነጥብ ይቀነሳል። እንግሊዝኛዬን ላሻሽል ብለሽ አንድ ዓመት ብትወስጂ 5ቷ ሄደች ማለት ነው። ድሮ የሥራ ቅጥር ደብዳቤም ነጥብ ነበረው፤ ከማርች 2025 ወዲህ ቀርቷል። «የካናዳ ጆብ ኦፈር ላምጣልሽ፣ ነጥብሽን ይጨምርልሻል» የሚልሽ ሰው ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ እያወቀ ነው የሚዋሽሽ።

ጉድለቱን የሚሞሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ክፍለ ግዛት ነው። አንድ ክፍለ ግዛት «ይህችን ነርስ እፈልጋታለሁ» ካለ 600 ነጥብ ይጨመርልሻል፤ ያኔ ነገሩ አለቀ። ሌላው ፈረንሳይኛ ነው። ፈረንሳይኛ ለሚችሉ በተለየው ምርጫ መቁረጫው ከ400 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ አስቢበት። አዲስ ቋንቋ መማርሽ ካልቀረ ከጀርመንኛው ጋር ማወዳደር ይኖርብሻል።

ገንዘቡም አለ። ለሦስት ሰው ቤተሰብ ካናዳ ባንክ ውስጥ እንድታሳዪ የምትጠይቀው ከ20 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህ ከ2 ሚሊዮን ብር ያልፋል። «ለጊዜው ተበድረን እናሳይ» የሚባለው አይሠራም። ገንዘቡ የብድር እንዳይሆን ይፈልጋሉ፤ የ6 ወር የባንክ እንቅስቃሴም ያያሉ።

ግን የካናዳን ደግ ጎን ልደብቅሽ አልፈልግም። ከተሳካ ሦስታችሁም በአንድ ቀን ቋሚ ነዋሪ ሆናችሁ ትገባላችሁ። ባለቤትሽ በማግስቱ ሥራ መፈለግ ይችላል። ሙያሽን ለማስመለስ የምትፈተኚው ኤንክሌክስ የሚባለው ፈተና ደግሞ በካናዳ ብቻ ሳይሆን በአሜሪካና በአውስትራሊያም የነርስ ፈቃድ መንገድ ነው። አንዴ ካለፍሽው ሦስት አገር ይዞሽ ይዞራል። ጀርመን የምትፈልገው ቢቱ (B2) የሚባለው የጀርመንኛ ደረጃ ግን ከጀርመን፣ ከኦስትሪያና ከስዊዘርላንድ አይዘልም።

ካናዳን ከመረጣችሁ ደግሞ ቶሮንቶን እርሺው። ወንድምየው አየር ማረፊያ ቢቀበላችሁና ጥቂት ሳምንት ቢያሳርፋችሁ ደግ ነው፤ ኑሮ ለመመሥረት ግን ሌላ ቦታ ተመልከቱ። አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ቶሮንቶ ውስጥ በወር ከ2 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ ነው። ኦንታሪዮ ዕቃ ስትገዢ 13 ከመቶ ታክስ ትከፍያለሽ፤ አልበርታ 5 ብቻ ነው። ካልጋሪ፣ ኤድመንተን፣ ዊኒፔግ ሐበሻ በብዛት አለ፤ እንጀራም ቡናም አይቸግርም። የነርስ ፈቃድ የሚሰጠው በክፍለ ግዛት ስለሆነ፣ ፋይልሽን የት እንደምትከፍቺ ከመነሻው ማወቅ አለብሽ። ዊኒፔግ ክረምቱ ከዜሮ በታች 30 ይወርዳል። ጅማ ላደገ ሰው ይከብዳል፤ ግን ይለመዳል ይላሉ የለመዱት።

አሁን ወደ ጀርመን።

ጀርመን የነጥብ ውድድር የለብሽም። ፈተናው ቋንቋና ዕውቅና ነው። ዕውቅና ማለት ያንቺን ሥልጠና ከነሱ የነርስ ሥልጠና ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው ማስተያየት ነው። የሚሠራው ደግሞ በክፍለ አገር ደረጃ ነው። ውጤቱ ብዙ ጊዜ «ይህ ይጎድላል» የሚል ደብዳቤ ሆኖ ይመጣል። ይህ እምቢታ አይደለም። በተግባር ልምምድ ወይም በፈተና አሟዪ ማለት ነው፤ ምርጫው ያንቺ ነው። በዚያ ደብዳቤ ቪዛ ጠይቀሽ ትገቢያለሽ፤ ሆስፒታል ውስጥ በረዳት ደመወዝ እየሠራሽ ታሟያለሽ። ቋንቋው ለመግባት ብዙ ጊዜ ቢዋን (B1፣ መካከለኛው ደረጃ)፣ ለሙሉ ፈቃድ ከሱ ቀጥሎ ያለው ቢቱ ነው። የደመወዙ ልዩነት ደግሞ ግልጽ ነው። በአረጋውያን እንክብካቤ ተቋማት በጁላይ 2025 ዝቅተኛው ክፍያ ለረዳት በሰዓት 16.10 ዩሮ፣ ፈቃድ ላላት ነርስ 20.50 ዩሮ ነበር። ፈቃድሽ በእጅሽ ከገባና በሙያሽ መሥራት ከጀመርሽ 3 ዓመት በኋላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ትችያለሽ። ዜግነት ከ5 ዓመት በኋላ ነው፤ ይህ ከ2024 ወዲህ የመጣ ለውጥ ነው። ጀርመን ሁለት ዜግነት ትፈቅዳለች፣ የኛ ሕግ ግን አይፈቅድም። እሱን ያኔ ታስቢበታለሽ።

ለምን ጀርመን አልኩ? ካናዳ ስትገቢ ነዋሪ ነሽ፣ ነርስ ግን አይደለሽም፤ ፈተናውን ኪራይ እየከፈልሽ፣ ልጅ እያሳደግሽ በግልሽ ትጋፈጪዋለሽ። ጀርመን ስትገቢ አሠሪሽ ራሱ ነርስ እንድትሆኚ ይፈልጋል። ለዚያ ነው ያስመጣሽ። የቋንቋና የዕውቅና ወጪውን ብዙ ሆስፒታሎች ይሸፍናሉ። ውሉን ግን አንብቢው። «ከ2 ዓመት በፊት ከለቀቅሽ ወጪውን ትመልሻለሽ» የሚል አንቀጽ አይጠፋም። አንዳንዱ ልከኛ ነው፣ አንዳንዱ ሰው የሚያስር ነው። ስንት ዩሮ እንደሆነና በየወሩ እየቀነሰ መሄድ አለመሄዱን ጠይቂ።

ስለ ሥራው አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ብዙዎች እዚያ ደርሰው የሚከፉበት ይህ ነው። እዚህ ዋርድ ውስጥ በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያበላው፣ ልብሱን የሚቀይረው አስታማሚው ነው። እናቱ ወይም እህቱ አልጋው ሥር ተኝታ ታድራለች። አንቺ መድኃኒት ትሰጫለሽ፣ ግሉኮስ ትሰቅያለሽ፣ ቁስል ታጥቢያለሽ። ጀርመን አስታማሚ የለም። ገላ ማጠብ፣ ዳይፐር መቀየር፣ ማጉረስ የነርሷ ሥራ ነው፣ ዲግሪ ቢኖራትም። በተቃራኒው እዚህ በራስሽ ውሳኔ የምታደርጊው ብዙ ነገር እዚያ የሐኪም ነው። «ዝቅ አልኩ» የሚል ስሜት ይመጣል። ይህን አሁኑኑ ከራስሽ ጋር ተነጋገሪበት። የማትችዪው ከሆነ ገንዘቡም ቋንቋውም አያጽናናሽም።

ደላላውን በተመለከተ። ዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ የመዘገባቸው አገሮች አሉ፤ ኢትዮጵያ አንዷ ናት። የጀርመን ደንብ ከነዚህ አገሮች የጤናና የእንክብካቤ ባለሙያ መመልመልንና ማገናኘትን ለራሱ ለመንግሥት የሥራ ኤጀንሲ ብቻ ነው የተወው። የግል ደላላ ጅማ መጥቶ ነርስ መመልመል አይፈቀድለትም። አንቺ በራስሽ ተነሳስተሽ ለሆስፒታሉ ማመልከት ግን ሙሉ መብትሽ ነው። ስለዚህ የሚጠይቅሽ ብር ለምን እንደሆነ አስቢው። «በ6 ወር» የሚለውም አያስኬድም። ሥራ ላይ ሆነሽ ከዜሮ ቢዋን ለመድረስ ብቻ ዓመት ገደማ ይወስድብሻል። ፋይሉ፣ ቃለ መጠይቁና ቪዛው ሲጨመር እኔ ከዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እገምታለሁ። ብር ሳትከፍዪ የምትጠይቂያቸው አሉ። ቦን ከተማ ያለው ማዕከላዊ የሙያ ዕውቅና አገልግሎት ውጭ አገር ሆነው ለሚያመለክቱ በነፃ ያማክራል። «ሜክ ኢት ኢን ጀርመኒ» የሚባለው ድረ ገጽም የመንግሥት ነው፤ በእንግሊዝኛ ይነበባል።

ቋንቋው አያስፈራሽ። አፋን ኦሮሞ በቁቤ ማንበብ የለመደ ሰው ረዥምና አጭር አናባቢ መለየት አይከብደውም፤ ጀርመንኛ ላይ ብዙውን ሰው የሚያሰናክለው አንዱ እሱ ነው። ትምህርቱን ኢንተርኔት ላይ ተማሪ፣ ፈተናውን አዲስ አበባ ጎተ ኢንስቲትዩት ተፈተኚ።

የት ከተማ? ፍራንክፈርት ሐበሻው ብዙ ነው፣ ኪራዩም ብዙ ነው። እኔ የምመክርሽ መካከለኛ ከተማ ነው፣ በተለይ ሆስፒታሉ ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሰጥበት። ቤት ካላገኘሽ ባልሽና ልጅሽ መምጣት ይዘገይባቸዋል፤ ለቤተሰብ ቪዛ በቂ ቤትና በቂ ገቢ ያያሉ። ከአንቺ ጋር በአንድ ቀን ላይወጡ ይችላሉ። ይህ የጀርመን ትልቁ ጉዳት ነው፤ ልጅሽ 4 ዓመቷ ነውና በደንብ ተመካከሩበት። ታችኛው ሳክሰን በሚባለው ክፍለ አገር ከ3 ዓመት በላይ ላሉ ሕፃናት መዋዕለ ሕፃናት በቀን እስከ 8 ሰዓት ክፍያ የለውም። ኖርድራይን ቬስትፋለን ደግሞ ሙስሊሙ ብዙ ነው፤ መስጊድም ሐላል ሥጋም በየከተማው ታገኛላችሁ። ምሥራቁ፣ ቱሪንገንና ሳክሰን፣ ኪራዩ ርካሽ ነው፣ ነርስም አጥብቀው ይፈልጋሉ። ግን በ2024 ቱሪንገን ላይ ስደተኛን የሚቃወመው ፓርቲ አንደኛ ወጥቷል። እዚያ በሰላም የሚኖሩ አበሾች አሉ። እኔ ግን ሒጃብ ለምትለብስ ሴትና ለትንሽ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫዬ አላደርገውም።

ሒጃቡን ከጠየቅሽ ነርስ ሒጃብ እንዳትለብስ የሚከለክል አገር አቀፍ ሕግ የለም። ልዩነቱ አሠሪው ላይ ነው። ጀርመን ውስጥ ብዙ ሆስፒታሎች የቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ ካሪታስ ወይም ዲያኮኒ የሚል ስም ካየሽ እወቂው። የፌዴራሉ የሥራ ፍርድ ቤት በ2014 የቤተ ክርስቲያን ሆስፒታል ሒጃብን ሊከለክል እንደሚችል ወስኗል። የሚፈቅዱም አሉ። የከተማ ወይም የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ብታመለክቺ ይቀልሻል። ቃለ መጠይቁ ላይ ለብሰሽ ግቢ፣ በግልጽም ጠይቂ። ውል ከፈረምሽ በኋላ ከመነታረክ ይሻላል።

ሌሎቹን አገሮች በአጭሩ። እንግሊዝ ቋሚ መኖሪያን ከ5 ወደ 10 ዓመት ለማራዘም በሜይ 2025 ዕቅድ አውጥታለች፤ አሁን ላይ አልመክርም። አውስትራሊያ በነጥብ ታስኬድሻለች፤ በተለይ እንደ አደላይድና ፐርዝ ባሉ፣ ከሲድኒ፣ ከሜልቦርንና ከብሪስበን ውጭ ባሉ ከተሞች ለመኖር ከተስማማሽ 15 ነጥብ ይጨመራል። ግን ከኤንክሌክስ በኋላ የተግባር ፈተናው የሚሰጠው እዚያው አገር ነው፤ ፈተናው ብቻ 4 ሺህ የአውስትራሊያ ዶላር ነው። ትኬቱን አንቺ ጨምሪበት። ሪያድና ዱባይ ብር ይጠራቀምባቸዋል እንጂ ልጅሽ የምታድግበት ቋሚ ቤት አይሆኑም።

ባለቤትሽን አትርሺው። የሶላርና የማሞቂያ ሥራ በመብዛቱ ጀርመን ኤሌክትሪሺያን ይፈለጋል። በቤተሰብ ቪዛ ሲመጣ ያለ ገደብ መሥራት ይችላል፤ ሙያውን የሚያዩለት የሙያ ምክር ቤቶቹ ናቸው። የደረጃ 4 ማስረጃውን፣ የሥራ ልምዱንና የሠራቸውን ሥራዎች ዝርዝር አሁን ያሰባስብ። ጀርመንኛውንም አብሮሽ ይጀምር። ብዙ ቤት ውስጥ ሚስት ቢቱ ስትደርስ ባል «ጉተን ሞርገን» ላይ ነው፤ ኋላ ቤቱን የሚያናጋው እሱ ነው።

አሁን የትኛውንም አገር ብትመርጪ ከዛሬ የምትጀምሪው ወረቀቱን ነው። ትራንስክሪፕትሽን አውጥተሽ እዪው። ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ ውስጥ የሚሰጠው የተግባር ሥልጠና) የሚል መስመር አለ፣ ጎኑ ክሬዲት አለ፣ በቃ። ጀርመኑ የሚያየው ግን ሰዓት ነው። የነሱ ነርስ 2,100 ሰዓት ንድፈ ሐሳብ፣ 2,500 ሰዓት ተግባር ነው የምትማረው። ቀበሌ ለቀበሌ ቤት ለቤት የዞርሽበት፣ በቲቲፒ (በቡድን በሚሰጠው ሥልጠና) ጤና ጣቢያ የከረምሽበት ጊዜ በሰዓት ካልተጻፈ ለነሱ እንደሌለ ነው። ጅማ የተማረ ልጅ የተግባር ጊዜው ብዙ ሆኖ ሳለ በወረቀት ጉድለት «ይጎድላል» ሲባል ያናድዳል። ስለዚህ ዲፓርትመንቱን በትሕትና ጠይቂ። በሕክምና፣ በቀዶ ሕክምና፣ በሕፃናት፣ በማዋለጃ፣ በአእምሮ ጤና፣ በድንገተኛና በማኅበረሰብ ጤና ስንት ስንት ሰዓት እንደሠራሽ የሚዘረዝር፣ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይጻፉልሽ። ኮርሶቹን የሚያብራራውን ሲለበስም ውሰጂ። የአረጋውያን እንክብካቤ የሚጎድልሽ መሆኑ አይቀርም፤ እሱ የሁላችንም ነው። ሆስፒታሉም የልምድ ደብዳቤ ሲጽፍልሽ «በነርስነት አገልግላለች» ብሎ አይጨርሰው። የትኛው ዋርድ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት የሚለው ይኑርበት።

ስምሽን ተመልከቺ። በፓስፖርቱ፣ በዲግሪውና በሙያ ፈቃዱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው አንድ ዓይነት ነው? አንዲት ፊደል ከተለየች አሁን አስተካክዪ። ቀኖቹም በኛ ይሁኑ በፈረንጅ ይለዩ፤ 2010 ዓ.ም. ተመርቀሽ «በ2010 ተመረቀች» ተብሎ ቢተረጎም 8 ዓመት ገደማ ሙያ የሌለሽ ትመስያለሽ። ለካናዳ ዩኒቨርሲቲው ትራንስክሪፕቱን ራሱ በቀጥታ ይልካል፤ አንቺ ይዘሽ ብትቀርቢ አይቀበሉም። ለጀርመን ደግሞ የተረጋገጠ ቅጂና የሕጋዊ ተርጓሚ ትርጉም ያስፈልጋል። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣንና የውጭ ጉዳይ ማኅተም የሚፈልጉትን ሁሉ ሰብስበሽ በአንድ ጉዞ አዲስ አበባ ጨርሺ። ለአንድ ማኅተም 350 ኪሎ ሜትር መመላለስ ብሩንም ፈቃድሽንም ይበላል።

የአይኤልትሱንም ዓይነት አትሳሳቺ። ለካናዳ ኤክስፕረስ ኢንትሪ ጄኔራሉ፣ ለአውስትራሊያ ነርስነት አካዳሚኩ ነው።

ቤታችንን እንሽጥ ወይ ላልሽው፣ አይሆንም። በጀርመን መንገድ ከሄድሽ መጀመሪያ ላይ የምታወጪው ለቋንቋ፣ ለትርጉምና ለጥቂት መቶ ዩሮ የዕውቅና ክፍያ ነው። ለዚያ ቤት አይሸጥም። የሰዓት ደብዳቤው ሲደርስሽ ስምሽን ሸፍነሽ ላኪልኝ፤ የሚጎድለውን አይቼ የትኛው ክፍለ አገር ማመልከት እንደሚሻልሽ እጽፍልሻለሁ።